የጉብላው ቁልቁለት

ሬሳው የተገኘው ኅዳር 6 ቀን 1970 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከጉብላ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ስልሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ያገኘው አበረ የሚባል ገበሬ ነበር። ከብቶቹን ወደ ፎገራ ሜዳ ሊያወርድ ሲነዳ መሪዋ ላም ድንገት ቀጥ አለች። «ምን ሆንሽ አንቺ!» ብሎ ጅራፉን ሲያነሣ መጀመሪያ የተጣመመ ጎማ አየ፤ ቀጥሎ ከጎማው ጎን በደረቱ የተደፋ ሰው አየ። ጅራፉን ጥሎ እየጮኸ ወደ መንደር ተመለሰ።

ሟቹ ውባየሁ ነው። ከወረታ እስከ አንበሳሜ ውባየሁን የማያውቅ አልነበረም። የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆኖ፣ መኪና ደርሶበት በማያውቅ የኮረብታ መንገድ፣ ከሰውና ከከብት በቀር ማንም በማያልፍበት ጠጠር ላይ በብስክሌት ይዞራል። ማታ ማታ ደግሞ የውይይት ክበብ ይመራል፤ ካድሬ ነው፣ ያውም የለየለት። በአገሩ ደንብ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ አጸዱን በእግሩ ጨርሶ ነው ተመልሶ የሚቀመጥ። ውባየሁ ግን ስብሰባ መሐል ተነሥቶ «እኔ ከብስክሌቴ የምወርደው ለሰፊው ሕዝብ ብቻ ነው!» ብሎ አስጨብጭቧል። ስለዚህ ሞቱ እንደተሰማ አሮጊቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው «ፈረሰኛው ጣለው» አሉ።

ፈረሰኛው ጊዮርጊስ ግን ገመድ አይወጥርም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆሙ ሁለት ወይራዎች ላይ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ወፍራም ገመድ ታስሮ ተገኘ። ገመዱ የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ገመድ ነው። የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ባለፈው እሑድ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዚህ ደጅ ፊት የሚጋልብ ሁሉ አንድ ቀን የሚያወርደው ያገኛል» ብለው ነበር። ከዚህ በላይ ማን ምን ይፈልጋል? ፀሐይ ሳትሞቅ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መምሬን የፊጥኝ አስረው የገበሬ ማኅበሩ እህል ቤት ውስጥ ዘጉባቸው።

ሃምሳ አለቃ አንለይ ከወረታ የደረሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። ያየህ ከሚባል ብስክሌት ጠጋኝ የተዋሰውን ብስክሌት ሜዳውን እየጋለበ፣ አቀበቱን እየገፋ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ከሲታ፣ ቀስ ብሎ ተናጋሪ፣ ሲጠይቅ ሞኝ የሚመስል ሰው ነው። ሞኝ መስሏቸው የታሰሩት ብዙ ናቸው። ከብስክሌቱ እንደወረደ ጎንበስ ብሎ፣ የሱሪውን ቀኝ እግር ሰንሰለት እንዳይበላው ያሰረበትን የካላማዳሪያ፣ የውስጥ ጎማ፣ ቁራጭ ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

«ዘገየህ» አለው ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ አያልነህ። «ገዳዩ ተይዟል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይዤው እወርዳለሁ። ወረታ መኪና ይጠብቀኛል።»

«ከሄደ ይመለሳል?»

«በዚህ ዘመን ካድሬ የገደለ ቄስ ይመለሳል ብለህ ነው?»

«እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለኝ» አለ አንለይ፤ ቆቡን አውልቆ ወደ ሬሳው ሄደ።

የውባየሁ ጭንቅላት የተፈነከተው ከኋላ ነው። ደም የነካው ድንጋይ ከራስጌው ወድቋል። አንለይ ተንበርክኮ ፊቱን ቀስ ብሎ አዞረው። ግንባሩ መሐል ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይም፣ ነጭ ነገር አለ። ሃምሳ አለቃው ዙሪያውን ቃኘ፤ ጠጠሩ ቀይ ነው፣ አፈሩም ቀይ። ከነጩ በጣቱ ጥቂት ነክቶ አሸት አሸት አደረገ። ኪሶቹን ሲፈትሽ ከቀኙ አንድ የጥቁር ጎማ ቁራጭ ብቻ ወጣ። የሟቹ ሱሪ ሁለቱም እግሮች ተለቀው ጫማው ላይ ወርደዋል።

ወደ ገመዱ ሄደ። ቋጠሮውን በሁለት ጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ጫማ ክር ተፈታ።

«አበረ፣ ና እስቲ። በሬህ ታስሮ ሳለ ደንግጦ ገመዱን ቢስብ፣ ቋጠሮውን እንዴት ትፈታዋለህ?»

«ምን እፈታዋለሁ ጌታዬ፤ እቆርጠዋለሁ እንጂ! በሬ የሳበው ቋጠሮ በጥርስም አይፈታ።»

«ይህስ?»

አበረ የተፈታውን ገመድ አየና ግንባሩን ቋጠረ። «ይህማ ጥጃም አልሳበው።»

«አንተ ከሟቹ ጋር ጠብ አለህ ይባላል።»

«ነበረኝ! አልደብቅዎትም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ጎማው ማሳዬን ለክቶ ሁለት ጥማድ ቆርጦ ለሌላ ሰጠብኝ። 'እግርህን ይስበረው' ብየዋለሁ። ግን ነፍስ? ማርያምን! ትናንትማ አላየሁትም።»

«በጎማው እንዴት ይለካል?»

«ቀይ ጨርቅ ጎማው ላይ ያስራል። ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠረ በደብተር ይጽፋል። የቁጥር ስሕተት እንኳ አግኝቼበት ብቃወም ደስ ባለኝ፤ አጣሁበት።»

አንለይ ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ። ቀዩ ጨርቅ ጎማው ላይ አለ። ደብተሩ ግን ከሬሳውም ከብስክሌቱም ጋር የለም። የፊት ጎማው ወደ ጎን ተጣሟል፤ ከፊት ያልተመታ፣ ተጋድሞ የተረገጠ ይመስላል።

ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መንግሥቴ ካኪውን ለብሶ፣ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ወፈር ያለ፣ ሳይጠሩት የሚመልስ ሰው ነው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ምን ያደክምሃል? እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ትናንት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አውድማዬ ላይ ነበርሁ፤ ያውና ማዶ፣ ከዚህ ይታያል። ውባየሁ የብስክሌቱን ደወል እያቃጨለ መጣ። እንደ ልማዱ ሳይወርድ ደጁን አልፎ ቁልቁል ተወረወረ። ከዚያ ዛፉ ከለለኝ።»

«ሳይወርድ?»

«መቼ ወርዶ ያውቃል! ቄሱም ይህን ልማዱን አውቆ ነው ገመዱን የወጠረለት።»

«በደንብ አይተሃል?»

«በእነዚህ ዓይኖቼ!»

«ጎሽ» አለ አንለይ፤ ቃሉን አንድም ሳይቀንስ ጽፎ አስፈረመው። መንግሥቴ ፊርማውን ሲያኖር ደስ ብሎት ነበር።

እህል ቤቱ ውስጥ መምሬ ወልደ ሥላሴ የኋሊት እንደታሰሩ ጆንያ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ጥምጥማቸው ወድቆ ራሳቸው ባዶ ነው። አንለይ ጥምጥሙን አንሥቶ አራገፈና ራሳቸው ላይ መልሶ ካኖረ በኋላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«አባ፣ ገመዱ የእናንተ ነው?»

«የእኛው ነው። ትናንት ጧት ከደወሉ ላይ ተፈትቶ ጠፋ። ማን እንደወሰደው አላወቅሁም።»

«እሑድ ያሉትስ?»

«ብያለሁ። በቅሎ የሚጋልቡትን ልጆች ነበር የተቆጣሁ። ማን ይሰማኛል አሁን?»

«ውባየሁ ከደጁ ሲደርስ ይወርድ ነበር ወይስ አይወርድም?»

መምሬ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን እንዲያ ዓይነት አልነበረም።

«ይህን አትጠይቀኝ ልጄ።»

«ማታ ጓድ አያልነህ ይወስድዎታል። የት እንደሚወስድዎት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ፈርቻለሁም። ነገ የጊዮርጊስ በዓል ነው፤ ቀድሼ ብሞት ደስ ባለኝ። ያን ግን አትጠይቀኝ።»

አንለይ ነገሩን የተወ መስሎ፣ «ደጀ ሰላሙ እንዴት አምሮበታል! ማን ቀባው?» አለ።

«እኔው ነኝ። ለበዓሉ ብዬ መቃኖቹን በኖራ ቀባሁ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጨርሼ፣ ሳይደርቅ ትቼው ወደ ቤቴ ወረድሁ።»

ሃምሳ አለቃው ተነሣ። በር ላይ ቆሞ ጠባቂውን «የእጃቸውን ገመድ ላላ አድርግላቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የትም አይሮጡም» አለው። ጠባቂው እምቢ አለ። አንለይ ራሱ ተመልሶ ላላ አደረገላቸው።

የውባየሁ ሚስት ገላነሽ ከወረታ በእግሯ የደረሰችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ልጆቿን ለጎረቤት ትታ መጥታለች። ሬሳው ላይ ወድቃ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። አንለይ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ጠበቃት፤ ሲበርድላት ነው የጠየቃት።

«ትናንት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«'ዛሬ የሊቀመንበሩን ማሳ ልለካ ነው፤ እሑድ በስብሰባ አነበዋለሁ' አለኝ። 'ተው፣ ይህ ሰውዬ ክፉ ነው' አልሁት። ሳቀብኝ።»

አንለይ የጎማውን ቁራጭ አሳያት። «ይህስ?»

ገላነሽ ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። «የሱሪው ማሰሪያ ነው። ሳያስረው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሰንሰለቱ ሱሪውን በልቶበት ሳምንት ሙሉ አኩርፏል። ሲወርድ ይፈታል፣ ሲወጣ ያስራል፤ እንደ ጸሎት ነበር የያዘው።»

ከዚያ በኋላ አንለይ ብቻውን ወደ ደጀ ሰላሙ ወጣ። ከመቃኖቹ ፊት ቆመ፣ ዝቅ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየ። ከታች ሜዳው ተዘርግቷል፤ የክረምቱ ውኃ ትርፍ እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል። ወፍ እንኳ አይሰማም። ሰው ተሰውሮ አንድ ነገር ሊያደርግ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም ብሎ አሰበ፤ አስቦም በሟቹ አዘነ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ከደጀ ሰላሙ ፊት ሰበሰበ። አያልነህ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። መንግሥቴ ከሚሊሻዎቹ ጋር ነው። አበረ ከመንደሩ ሰው መሐል፣ ገላነሽ መሬት ላይ፣ መምሬ በሁለት ጠባቂ መካከል።

«ቶሎ በል» አለ አያልነህ።

«ቶሎ እላለሁ። መጀመሪያ ገመዱ። በሙሉ ሩጫ የሚወርድ ብስክሌተኛ ገመድ በደረቱ ቢመታ፣ ቋጠሮው ወይራው ውስጥ እስኪገባ ይጠብቃል። ይህን በሬ ያሰረ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን በሁለት ጣቴ ፈታሁት። አበረ ምስክሬ ነው። ይህን ገመድ ማንም አልመታውም።»

«እና ውባየሁን ምን ጣለው?» አለ አያልነህ።

«ምንም አልጣለውም። አልተቀመጠበትማ! የሱሪው ማሰሪያ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሱሪውም ተለቋል። ሚስቱ ሳያስር አይወጣም ትላለች። ሲሞት በእግሩ ነበር፣ ብስክሌቱን እየገፋ።»

«ውሸት!» አለ መንግሥቴ። «እኔ በዓይኔ አይቸዋለሁ። ሳይወርድ ነው ያለፈ!»

«ብለሃል፣ ፈርመሃልም» አለ አንለይ ረጋ ብሎ። «አሁን ሁላችሁም ወደዚህ ቅረቡ።»

ወደ ቀኙ መቃን ወሰዳቸው። ነጩ ኖራ ላይ፣ በሰው ግንባር ቁመት፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ተገፍፋለች፤ ከሥሯ ድንጋዩ ይታያል። ከእሷ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች።

«መምሬ ይህን መቃን ቀብተው የጨረሱት ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እርጥብ ነበር። ሟቹ ግንባሩ ላይና አፍንጫው ላይ ኖራ አለ። ሄዳችሁ እዩ፤ አላጠብሁትም። ትናንት ማምሻውን ውባየሁ ከዚህ ደርሶ፣ ወርዶ፣ የሱሪውን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ግንባሩን እዚህ ላይ አድርጎ ተሳልሟል።»

«ኧረ ጊዮርጊስ!» አለች አንዲት ሴት።

«ካድሬ ነው እኮ!» አለ አያልነህ።

«ካድሬ ነበር። ይሳለምም ነበር። በስብሰባ ያን ሁሉ የሚለው ሰው፣ ሌላ መንገድ እያለ ይህን ጭር ያለ ቁልቁለት የሚመርጠው ለዚህ ነው። እንደ አገሩ ደንብ አጸዱን በእግሩ ይጨርስና ነው ብስክሌቱ ላይ የሚወጣ። ሁለቱ ወይራዎች ደግሞ አጸዱ ውስጥ ናቸው።»

ገላነሽ ቀና ብላ መቃኑን ታይ ነበር። «እኔንም ደበቀኝ?» አለች ለራሷ።

«እንግዲህ አስቡ» አለ አንለይ። «እዚያ ላይ ገመድ የወጠረ ሰው ውባየሁ ጋልቦ እንደሚመጣ ያመነ ሰው ነው። መምሬ ግን እንደሚወርድ ያውቁ ነበር።»

«አወቁም አላወቁም ምን ታውቃለህ?» አለ አያልነህ።

«ጠየቅኋቸውና ዝም አሉ። 'አይወርድም' ቢሉ ይዋሻሉ፤ 'ይወርዳል' ቢሉ የንስሐ ልጃቸውን ምሥጢር ያወጣሉ። አንድ ቃል ነፍሳቸውን ታድንላቸው ነበር፤ አልተናገሯትም። አባ፣ አሁንም መልሱልኝ አልልዎትም።»

መምሬ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል። እጃቸው ታስሮ ስለነበር አልጠረጉትም።

«አበረም አላየሁትም ብሏል፤ እውነቱን ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ትናንት ውባየሁን ሲጋልብ አየሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሊሆን የማይችል ነገር አየ። ማሳውም ትናንት የተለካው የእሱ ነው። ደብተሩም ጠፍቷል።»

መንግሥቴ ከሚሊሻዎቹ ሊጠጋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ እነሱ ደግሞ ከእሱ አንድ እርምጃ ራቁ።

«ከተሳለመ በኋላ… ወጥቶበት ይሆናል!»

«ማሰሪያውን ኪሱ ከትቶ? ገመዱንስ ሳይነካ እንዴት አለፈ?» አንለይ ድምፁን አላነሣም። «እኔ ልንገርህ። በስብሰባ ያለውን አምነህ፣ ከወይራው ጀርባ አድፍጠህ፣ እየጋለበ እስኪመጣ ጠበቅኸው። ደጁ ከዚያ አይታይም። ውባየሁ ግን ብስክሌቱን እየገፋ፣ ቀስ ብሎ፣ በእግሩ መጣ። ገመዱን አይቶ ቆመ፤ ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ ጀርባውን ሰጠህ። ድንጋዩን አነሣህ። ከዚያ ጎማውን ረግጠህ አጣመምኸው። ሁሉንም በደንብ አድርገሃል። አንድ ነገር ብቻ ትናንት አልገባህም፤ እንደዚያ ለመጋለብ የተመቸ ቁልቁለት ላይ ያ ሰው ለምን በእግሩ እንደመጣ።»

መንግሥቴ መቃኑን አየ። ያችን የተገፈፈች ቦታ፣ ከእሷ በታች ያችን ነጥብ ደጋግሞ አየ።

«ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ነበር» አለ።

ከአፉ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለራሱ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚሊሻዎቹ ከመምሬ እጅ የፈቱትን ገመድ ለእሱ አዋሉት። ደብተሩን ጎተራው ውስጥ፣ ጤፍ ሥር አገኙት። በማኅበሩ ለአንድ ገበሬ የደረሰው ስምንት ጥማድ ሲሆን፣ የሊቀመንበሩ ማሳ ሠላሳ አንድ ጥማድ መሆኑ በውባየሁ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎበት ነበር።

አያልነህ አንለይንና ገላነሽን ለብቻ ወሰዳቸው።

«ሰውዬው አምኗል፤ ይበቃል። ኖራው ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም። ውባየሁ የአብዮቱ ሰማዕት ሆኖ ወረታ በክብር ይቀበራል፣ ያለ ቄስ። ገላነሽ፣ ለአንቺም ለልጆችሽም መንግሥት አለ። ኖራው ከተጻፈ ግን የተቀመጥሽበት ቤት የካድሬ ቤት ነው፤ ታጭዋለሽ። እኔም ልረዳሽ አልችልም።»

አንለይ ብዕሩን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። «የምትይውን እጽፋለሁ እህቴ። ማንም አይፈርድብሽም።»

ገላነሽ ሁለት ልጆች አሏት፤ ከዚያ ቤት ውጭ የምትጠጋበት የላትም። የጎማውን ቁራጭ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች እየፈታች ቆየች።

«በሕይወቱ ሁሉ ተደብቆ ተሳለመ» አለች በመጨረሻ። «ሞቶስ ማንን ይፈራል? ጻፈው።»

አንለይ ጻፈው። ለዚያች አንድ ገጽ ሲል በጥር ወር ሑመራ ተዛወረ። ገላነሽም በገና ማግስት ከቤቱ ወጥታ ልጆቿን ይዛ ወደ ወንዛዬ፣ ወደ እናቷ ጎጆ ሄደች።

የዚያን ዕለት ግን ጀምበር ሳትጠልቅ፣ አበረና ሦስት ገበሬዎች ሬሳውን በቃሬዛ አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አወጡት። መምሬ ወልደ ሥላሴ ገመድ ያሳበጠው እጃቸው መስቀሉን አልይዝ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው፤ ሁለት ጊዜ አንሥተው ፍትሐቱን እስከ መጨረሻው ደገሙ። በዓመቱ፣ በኅዳር ጊዮርጊስ ዋዜማ፣ መቃኖቹን በኖራ ሲቀቡ ከቀኙ መቃን ላይ ያችን የግንባር ቦታ ዘለሏት። ዲያቆኑ «አባ፣ እዚህ ጋ ረሱ» ቢላቸው፣ «አልረሳሁም» አሉ።